የቪዲዮ ካሜራችሁ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ የቤት ሥራ

አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር በእጃችን ያለው ባንዴ ያረጅብናል። ትናንት ደህና አድርጎ ይቀርጽ የነበረው ዕቃ ዛሬ ምስሉ ደብዛዛ፣ ሜኑው የተወሳሰበ፣ ክብደቱ ትከሻ የሚሰብር ይመስለናል። በሌላ በኩል ደግሞ "ይሄ ካሜራ እኮ ስንቱን አብሮኝ አሳልፏል" እያሉ በየሥራው መሃል የሚያንቀላፋ ዕቃ ይዞ መዞር አለ። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣል። የመጀመሪያው ባንዴ፣ ሁለተኛው በየቀኑ።

ይህ መመሪያ ኑሯቸውን በቀረጻ ለሚመሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ባለሙያ የሚጠቀምበት ካሜራ ከሥራ የሚወጣው ሰንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ደክሞ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ሲያልቅበት ነው። ካርዱ ከገበያ ይጠፋል፣ ባትሪው አይገኝም፣ ሶኬቱ ይላላል፣ ደንበኛው የሚጠይቀውን ፋይል መስጠት ያቅተዋል። ስለዚህ ከምስሉ ጥራት በፊት የሚመረመር ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ቅሬታውን ጻፉት

አንድ ወረቀት አውጡ። በቅርብ የሠራችኋቸውን ሥራዎች እያስታወሳችሁ ካሜራው ያስቸገራችሁን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር አስፍሩ፦ የትኛው ሥራ ላይ ነበር፣ በትክክል ምን ሆነ፣ ቅሬታውን ያነሳው ማን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙውን ነገር የሚፈታው እሱ ነው። ያማረረው ደንበኛው ወይም ኤዲተሩ ከሆነ ክብደት ስጡት። የምታማርሩት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ በዚያ ላይ ማማረር የጀመራችሁት አዲሱን ካሜራ በዩቲዩብ ካያችሁ ወዲህ ከሆነ፣ ነገሩ ወረት ሊሆን ይችላል። ወረት ኃጢአት አይደለም፤ ግን በሥራ ገንዘብ አይገዛም።

"ምስሉ አያምርም" ብላችሁ አትጻፉ። በዚህ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም። "የማታው ዝግጅት ላይ ከመድረኩ ጥግ የቆመው ተናጋሪ ፊቱ በነጠብጣብ ተሞላ" ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱን መፈለግ ይቻላል።

በዚያው ወረቀት ላይ በካሜራው ምክንያት ያመለጧችሁን ሥራዎችም ጻፉ። ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ ከሆነም ባዶውን ተዉት፤ በኋላ ሂሳብ ስንሠራ ያስፈልገናል።

ጥፋቱ በእርግጥ የካሜራው ነው?

ብዙ ካሜራ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ይህን ክፍል ዘለል አድርጋችሁ ወደ ግዢ ከሄዳችሁ አዲሱም ካሜራ ያንኑ ችግር ይዞ ይጠብቃችኋል።

ከነጠብጣቡ እንጀምር፤ ባለሙያዎች ኖይዝ የሚሉት ማለቴ ነው። ጌይን (ካሜራው ምስሉን በኤሌክትሪክ የሚያጎላበት መጠን) በ6 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ምስሉ በእጥፍ ይደምቃል፣ ነጠብጣቡም አብሮ ይጨምራል። 18 ዴሲቤል ላይ የሚቀርጽ ሰው ብርሃኑን በ8 እጥፍ ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ መብራት ብታቆሙ ወይም አይሪሱ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ሰፋ ብሎ የሚከፈት ሌንስ ብትይዙ ጌይኑን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ማውረድ ትችላላችሁ። ሌላ ልብ የማይባል ነገርም አለ። ብዙ ዙም ሌንሶች ወደ ቴሌ (ሩቁን ወደሚያቀርበው ጫፍ) በተጠጉ ቁጥር አይሪሳቸው በራሱ ይጠባል። ከአዳራሹ መጨረሻ ቆሞ ዙም አድርጎ የሚቀርጽ ሰው ሳያውቀው ብርሃን እያጣ ነው። ሦስት እርምጃ ወደፊት መቅረብ አንዳንዴ ከአዲስ ሰንሰር ይበልጣል።

ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር የሚንሸራተት ወይም መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ መጀመሪያ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን የሴኮንድ ክፍልፋይ) እዩ። የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 አድርጉት። የኤልኢዲ ስክሪንና ዲመር ያላቸው መብራቶች ለዚህም አይገዙም። ለነሱ ሸተሩን በጥቃቅን ደረጃ የሚቀይረውን፣ ክሊር ስካን ወይም ኢሲኤስ የሚባለውን ማስተካከያ ሜኑ ውስጥ ፈልጉ። በርከት ያሉ ባለሙያ ካሜራዎች አላቸው፤ ባለቤቶቹ ግን ከፍተው አያውቁም።

"ምስሉ ስል አይደለም" ለሚለው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ቆሻሻ ሌንስ ነው፤ አትሳቁ። ሁለተኛው አይሪስ ከመጠን በላይ መዝጋት ነው። ትንንሽ ሰንሰር ባላቸው ካሜራዎች ላይ ኤፍ 8 እና ከዚያ በላይ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ስትዘጉ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና ምስሉ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ ስትቀርጹ አይሪሱን ከመዝጋት ይልቅ ብርሃኑን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር አስገቡ። ሦስተኛው ባክ ፎከስ፣ ማለትም በሌንሱና በሰንሰሩ መካከል ያለው ርቀት መዛባት ነው። ራቅ ያለ ነገር ላይ ዙም አድርጋችሁ ፎከስ ያዙ፣ ከዚያ ፎከሱን ሳትነኩ ወደ ሰፊው መልሱ። ሰፊው ላይ ምስሉ ከደበዘዘ ባክ ፎከሱ ተዛብቷል። ለቪዲዮ በተሠሩ ሌንሶች ላይ ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። ለፎቶ የተሠሩ ዙም ሌንሶች ግን ብዙዎቹ ፎከስ ይዘው ዙም እንዲያደርጉ አልተሠሩም፤ በዚህ ፈተና ቢወድቁ አትፍረዱባቸው።

ድምፅ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ድምፁ የሚያማርር ከሆነ ማይክ፣ ኬብልና የማይኩ አቀማመጥ ሳይፈተሽ ካሜራ አይቀየርም። ለሚንቀጠቀጥ ምስልም ትራይፖድ አለ።

ከዚህ በኋላ ወረቀታችሁን እንደገና እዩት። በመብራት፣ በሌንስ ወይም በሜኑ የሚፈታውን ሁሉ ሰርዙ። የተረፈው እውነተኛ ጉዳይ ነው።

ካሜራው በእርግጥ የማይችለው ነገር

ምንም ቢደረግ አሮጌ ካሜራ የማይወጣቸው ነገሮች አሉ። እኔ የምቀበላቸውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የደንበኛው የፋይል መስፈርት ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የስርጭት ድርጅቶች ሥራ የሚቀበሉት በተወሰነ ደረጃ ከተቀረጸ ብቻ ነው። ለምሳሌ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሶኒ ፒኤምደብሊው-ኢኤክስ1 በዘመኑ ብዙ የተመሰገነ ካሜራ ነው። ግን ውስጡ የሚቀርጸው በ35 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ ከ4:2:2 ያነሰ የቀለም መረጃ በሚይዘው በ4:2:0 የቀለም ናሙና ነው። የአውሮፓ ጣቢያዎች ለኤችዲ ሥራ 50 ሜጋቢትና 4:2:2 መጠየቅ ሲጀምሩ ያ ጤነኛ ካሜራ በአንድ መስመር ጽሑፍ ምክንያት ከውድድር ወጣ። የናንተ ደንበኛ እንዲህ ዓይነት ሰነድ ካለው ጠይቃችሁ አንብቡት። ከሌለው ደግሞ ማንም ያልጠየቃችሁን መስፈርት ለማሟላት አትሩጡ።

ሁለተኛው የቀለም ጥልቀት ነው። 8 ቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው፤ 10 ቢት 1024። ቀለሙን እንዳለ ለምታስረክቡ ሰዎች ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በሎግ (ምስሉን ፈዘዝ አድርጎ ለቀለም ሥራ በሚያዘጋጀው አቀራረጽ) ቀርጻችሁ በኋላ ቀለም የምትሠሩ ከሆነ ግን 8 ቢት ያሰቃያል። ሰማዩ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይወጣል፣ የፊት ጥላ ላይ ቀለሙ ይሰባበራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የቆመ ቪዲዮ። ደንበኞች ከአንድ ቀረጻ ለቴሌቪዥን የተኛ፣ ለስልክ የቆመ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። ከኤችዲ ምስል፣ ማለትም 1920 በ1080 ከሆነው፣ ቁመቱን ሙሉ ይዛችሁ የቆመ 9 በ16 ስትቆርጡ የሚቀርላችሁ ስፋት 608 ፒክስል ያህል ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ያስታውቃል። ከ4ኬ፣ ማለትም 3840 በ2160 ከሆነው ስትቆርጡ ግን 1215 ፒክስል ስፋት ይኖራችኋል። ለስልክ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። በኔ እይታ ዛሬ ከኤችዲ ወደ 4ኬ ለመሄድ ከትልቁ ቴሌቪዥን ይልቅ ይህ ይበልጥ አሳማኝ ምክንያት ነው።

አራተኛው ፎከስ ነው። ብቻችሁን በጊምባል (መንቀጥቀጥን በሚያጠፋ የእጅ መያዣ) እየሄዳችሁ ሰው የምትከተሉ ከሆነ ፊት ለይቶ የሚይዘው የአዳዲሶቹ ካሜራዎች አውቶ ፎከስ እውነተኛ ለውጥ ነው። ትራይፖድ ላይ ቆማችሁ መድረክ የምትቀርጹ ከሆነ ግን እጃችሁ ይበቃል።

ሁለት ካርድ ላይ ባንዴ መቅረጽ አለመቻልም ቀላል ጉድለት አይደለም። የማይደገም ዝግጅት የምትቀርጹ ከሆነ ይህ ብቻውን ለመቀየር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የጤና ምርመራ

አሁን ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አውጡ። አንድ ረጅም ከሰዓት ያስፈልጋችኋል። ቸኩላችሁ ሥራ ልትወጡ ስትሉ አታድርጉት።

ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የሰዓት ቆጣሪውን ፈልጉ። ባለሙያ ካሜራዎች ስንት ሰዓት በርተው እንደሠሩ የሚመዘግብ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ አላቸው። ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ግን ለጠጋኝም ለገዢም የምትነግሩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ብዙ ሰዓት የሠራ ግን በአግባቡ የተያዘ ካሜራ፣ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ አቧራና እርጥበት ከበላው ይሻላል።

ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ግጠሙና አይሪሱን ዝጉ። ካሜራውን ለግማሽ ሰዓት ያህል አብርታችሁ አቆዩት፤ ሰንሰር ሲሞቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከዚያ ጌይኑን ወደ 18 ዴሲቤል ከፍ አድርጉና ክፍሉን አጨልማችሁ በትልቅ ሞኒተር እዩ። የሚርመሰመስ ነጠብጣብ የተለመደ ነው። የምትፈልጉት ከቦታው የማይነቃነቅ ነጭ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ነው። ካገኛችሁ አትደንግጡ። አውቶ ብላክ ባላንስ አሠሩት። ሶኒዎቹ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኤፒአር የሚባለውን ተጠቀሙ። ካሜራው የተበላሸውን ፒክስል ለይቶ በጎረቤቶቹ ቀለም ይሸፍነዋል። ነጥቡ ጠፍቶ ከቀረ ጉዳዩ ተዘግቷል። በየጊዜው አዲስ ቦታ ላይ አዲስ ነጥብ እየወጣ ካስቸገረ ግን ሰንሰሩ እያረጀ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

ክዳኑን አንስታችሁ በሌንሱ ውስጥ በሰያፍ የእጅ ባትሪ አብሩበት። አቧራ ብዙም አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ፈንገስ ነው። በጊዜ ከተጠረገ ይድናል፤ ከቆየ ሽፋኑን ይበላዋል። በዚያው ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት፣ ኤንዲ ፊልተሩን በየደረጃው አዙሩት። የሚነክስ ወይም የሚያንገጫግጭ ቦታ ካለ መዝግቡ።

ሶኬቶቹ ላይ ጊዜ ስጡ። ኬብሉን ሰክታችሁ እየቀረጻችሁ ኬብሉን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። በማይክ መግቢያዎቹ፣ በኤክስኤልአር ሶኬቶቹ ሁለቱም በኩል በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ፣ በምስል መውጫዎቹ፣ በኤስዲአይና በኤችዲኤምአይ በኩል ሞኒተሩን እያያችሁ። ኩርፍ ኩርፍ የሚል ድምፅ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ምስል ከመጣ ሶኬቱ ላልቷል። ኤችዲኤምአይ በዚህ የታወቀ ደካማ ነው። የኮንደንሰር ማይክ የምትጠቀሙ ከሆነ ለማይኩ ኃይል የሚሰጠው 48 ቮልት በሁለቱም ሶኬት መውጣቱን አረጋግጡ። ደስ የሚለው ነገር ሶኬት ማስቀየር ካሜራ ከመቀየር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ስንት ሰው በአንድ የላላ ሶኬት ምክንያት ካሜራውን በርካሽ ሸጧል!

ቀኑና ሰዓቱ ካሜራው በተዘጋ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ደክማለች። ብዙ ካሜራዎች ላይ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ አንድ ሙሉ ቀን መተው ይበቃል።

በመጨረሻ ትልቁ ፈተና። ካርዱን ፎርማት አድርጉ፣ ካሜራውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰኩና ካርዱ እስኪሞላ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ከዚያ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ገልብጣችሁ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን እዩ። የዘለለ ፍሬም አለ? መጨረሻው ላይ ድምፅና ምስል ይገጥማሉ? ካሜራው በሙቀት ራሱን አጠፋ? ይህን ያለፈ ካሜራ ገና ጉልበት አለው።

ካርድ፣ ባትሪ፣ መለዋወጫ

ጤነኛ ካሜራ በረሃብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

የሚጠቀመው ካርድ ዛሬ ከሱቅ አዲስ ይገዛል? በየዘመኑ የሆነውን እዩ። ሚኒ ዲቪ ካሴት ላይ የሚቀርጹት ካሜራዎች ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት በፋየርዋየር ነበር። ያ ሶኬት ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ከጠፋ ቆየ። የሶኒዎቹ ኤስ-ባይ-ኤስ ካርዶች በላፕቶፕ ጎን ባለ ኤክስፕረስካርድ ማስገቢያ ቀጥታ ይገቡ ነበር፤ ማስገቢያው ቀረ፣ ሰው ወደ ዩኤስቢ ካርድ አንባቢ ዞረ። በ2014 የወጣው ሶኒ ኤፍኤስ7 በኤክስኪውዲ ካርድ ይሠራል። ለክሳር የተባለው ካርድ አምራች በ2018 ኤክስኪውዲ ማምረቱን ማቆሙን አስታወቀ። ቅርጹ አንድ የሆነው ሲኤፍኤክስፕረስ ታይፕ ቢ ተክቶታል፤ ግን ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ አሮጌው ካሜራ ያነበዋል ማለት አይደለም። ካርዶቻችሁ አሮጌ ከሆኑና አዲስ የማይገኝ ከሆነ፣ የካሜራችሁን ዕድሜ የሚወስነው የመጨረሻው ደህና ካርድ ነው። ለአንዳንድ ሞዴሎች በኤስዲ ካርድ የሚያሠራ አዳፕተር አለ፤ ሶኒም ለኢኤክስ ካሜራዎቹ ራሱ ሠርቶላቸው ነበር። ፈልጉት።

ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ እየቀረጻችሁ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለኩ። አዲስ ሳለ ከሚቆየው ግማሽ የማይሞላ ከሆነ ጡረታ አውጡት። ያበጠ ባትሪ ደግሞ ሙከራም አያስፈልገውም፤ አትሰኩት። አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያውም ከሁለት ትርፍ አይበልጥም። አዲሱ ካሜራ ትልቅ ባትሪ የሚበላ ከሆነ ይህም ይታሰብ።

ስለ መለዋወጫ የሚታመን ጠጋኝ ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ "ይህ ሞዴል ዛሬ ቢበላሽ ዕቃ ይገኝለታል?" አምራቾች ሞዴሉን ማምረት ካቆሙ በኋላ መለዋወጫ የሚያቀርቡት ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው። መልሱ "ከሌላ አሮጌ ካሜራ ፈትቼ ካልሆነ" ከሆነ ካሜራው ዋና መሣሪያችሁ ሆኖ መቀጠል የለበትም። ለጥገና የተጠየቃችሁት ገንዘብ ካሜራው ያገለገለ ሆኖ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን ካለፈም እኔ አላስጠግንም።

ሂሳቡ

የአዲሱን ካሜራ ዋጋ 100 እንበለው፤ በየትኛውም ገንዘብ አስቡት። ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ ይህ 100 ነው። አብረው የሚመጡትን ግን ጨምሩ። ካርዶች 12፣ ባትሪዎች 8፣ ሌንስ ወይም አዳፕተር 25፣ ሃርድ ዲስክ 15። ድምሩ 160 ሆነ። አሮጌውን በ20 ብትሸጡ 140 ይቀራል። አዲሱን 4 ዓመት ሠርታችሁበት በ40 ብትሸጡት የጠፋው 100 ነው፤ በዓመት 25።

አሁን ኪራዩን አስቡ። ያንኑ ካሜራ ለአንድ ቀን መከራየት 3 ቢሆን፣ 25 ለ3 ሲካፈል ከ8 ትንሽ ይበልጣል። በዓመት አዲሱ ካሜራ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከ8 ቀን በታች ከሆነ ተከራዩ። ከዚያ ካለፈ መግዛቱ ይከፍላል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። ያን ጊዜ ያመለጡ ሥራዎች ዝርዝራችሁን አውጡ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሂሳቡም መልሱን ነግሯችኋል።

በሂሳቡ ሰው የሚያታልለው ሃርድ ዲስኩ ነው። በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደሆነ አውቃችሁ በ0.45 ስታባዙት በሰዓት ስንት ጊጋባይት እንደሚይዝ ታገኛላችሁ። 50 ሜጋቢት በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ነው። 4ኬ በ60 ፍሬም በኦል-ኢንትራ (እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው በሚጨምቀው ዘዴ) ስትቀርጹ ደግሞ 600 ሜጋቢት ይደርሳል፤ 270 ጊጋባይት በሰዓት። አራት ሰዓት ከቀረጻችሁ ከአንድ ቴራባይት አለፋችሁ፣ በሁለት ኮፒ ደግሞ ከሁለት። በዚያ ላይ አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፋይሉን አብዝቶ በሚጨምቀው በኤች.265፣ በ10 ቢትና በ4:2:2 ሲቀርጹ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል፤ ኮምፒውተራችሁ ግን ይህን የሚፈታ ቺፕ ከሌለው ኤዲቲንጉ ይንቀራፈፋል። ካሜራ ልትገዙ ወጥታችሁ ኮምፒውተር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ሌንስም እንዲሁ ያስቸግራል። የኢኤክስ1 ሌንስ 14 እጥፍ ዙም ነው፤ በሙሉ ፍሬም (የ35 ሚሊሜትር ፎቶ ፊልም ያህል በሆነ ሰንሰር) ሲሰላ ከ31 እስከ 439 ሚሊሜትር ገደማ። ሙሉ ፍሬም ሰንሰር ያለው ካሜራ ገዝታችሁ 24-105 ሌንስ ብትገጥሙ ዙማችሁ ወደ 4 እጥፍ ወረደ ማለት ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ሆኖ የተናጋሪን ፊት ማምጣት አከተመ። ለቃለ መጠይቅ ያ ካሜራ ድንቅ ነው። ለስብሰባና ለመድረክ ሥራ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ሊሆንባችሁ ይችላል። ያሉዋችሁ ሌንሶች ይገጥሙ እንደሆነም እዩ። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ከሰንሰሩ በ44 ሚሊሜትር ርቀት እንዲቆም የተሠራ ነው፤ የሶኒ ኢ ማውንት (የሌንስ መግጠሚያው) 18 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱን አዳፕተር ይሞላዋል። በተገላቢጦሽ ግን አይሆንም።

ተከራይታችሁ በራሳችሁ ሥራ ሞክሩት

ሂሳቡ ወደ መግዛት ካዘነበለ ካሜራውን መጀመሪያ ለአንድ ሥራ ተከራዩት። አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ያንኑ ነገር ቅረጹ። ማታ ኤዲተሩን የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትነግሩት አሳዩት። መለየት ካልቻለ፣ ወይም ለይቶ "ግን ለዚህ ሥራ ያም ይበቃል" ካለ፣ ጥሩ ገንዘብ አተረፋችሁ።

በዚያው ትራይፖዱንም ፈትሹ። ለከባድ ካሜራ የተገዛ ትራይፖድ ቀላል ካሜራ ሲጫንበት ወደ ታች ስታዘነብሉት መልሶ ወደ ላይ ይገፋችኋል። የመመዛዘኛውን ኃይል መቀነስ ካልተቻለ እሱም ወደ ወጪው ይገባል።

የሞዴሉንም ዕድሜ እዩ። ካኖን ሲ300 በ2011 ይፋ ሆነ፣ ማርክ 2 በ2015፣ ማርክ 3 በ2020። ከሶኒ ኤፍኤስ7 እስከ ኤፍኤክስ6 መምጣት 6 ዓመት ፈጀ። እንግዲህ ከወጣ ወደ 5 ዓመት የተጠጋ ካሜራ በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ሰው ተተኪው በር ላይ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ትንሽ መጠበቅ ወይም ያገለገለውን መፈለግ ይሻላል።

መሃከለኛው መንገድ

ነገሩ ሁልጊዜ ሁለት ምርጫ ብቻ አይደለም። ካሜራው ጤነኛ ሆኖ የሚጎድለው የፋይል ጥራት ብቻ ከሆነ፣ በኤስዲአይ በኩል የሚቀበል ውጫዊ መቅረጫ ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል። ኢኤክስ1ን ያነሳሁት ለዚህም ነው። ውስጡ 4:2:0 ቢቀርጽም በኤስዲአይ የሚያወጣው 4:2:2 ነው። ብዙ ባለቤቶች መቅረጫ አንጠልጥለውበት ዓመታት አሠርተውታል። ክብደትና ኬብል ይጨምራል፤ ትራይፖድ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ግድ የለም።

ፈርምዌሩንም (የካሜራውን የውስጥ ሶፍትዌር) እዩ። ሶኒ ኤፍኤክስ3 በ2021 ሲወጣ ያልነበረውን ሲኔ ኢአይ የሚባል የመቅረጫ ዘዴ ያገኘው በኋላ በመጣ ፈርምዌር ነው። ልትገዙት ያሰባችሁት ነገር በነጻ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ሌላው መንገድ ሹመቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ዋና ካሜራ መሆን ያቃተው ሁለተኛ ካሜራ ሆኖ ሰፊውን ምስል ይይዛል። ኤችዲ በኤስዲአይ የሚያወጣ አሮጌ ካሜራ ለቀጥታ ስርጭት ገና አሪፍ ነው። ስርጭቱ 1080 ከሆነ ሚክሰሩ (ካሜራዎቹን የሚያቀያይረው መሣሪያ) የካሜራውን ዕድሜ አይጠይቅም። ሁለቱን አቀላቅላችሁ ስትሠሩ ግን ዋይት ባላንሳቸውን ባንድ ነጭ ወረቀት ላይ አስተካክሉ፣ የፍሬም ፍጥነታቸውንም አንድ አድርጉ። ያለዚያ ኤዲተሩ አይለቃችሁም።

ከወሰናችሁ በኋላ

እንዲቆይ ከወሰናችሁ በዝምታ አታቆዩት። የላላውን ሶኬት አስጠግኑ፣ ሁለት አዲስ ባትሪ ግዙ፣ ካርዱ ከገበያ እየወጣ ከሆነ አሁን በሚገኝበት ጊዜ ጨምሩ። ለወደፊቱ ካሜራም ከየሥራው የተወሰነ ድርሻ ማስቀመጥ ጀምሩ።

እንዲቀየር ከወሰናችሁ አሮጌውን ቶሎ አትሽጡ። አዲሱን መጀመሪያ የሚደገም ሥራ ላይ ተጠቀሙበት። የማይደገም ዝግጅት ላይ ገና ሜኑውን ያልለመዳችሁትን ካሜራ ይዞ መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ጥቂት ሥራዎች በሰላም ካለፉ በኋላ አሮጌውን አውጡ። ፈርምዌሩን አዘምኑ፣ ሰውነቱን አጽዱ፣ ሜኑውን ወደ ፋብሪካው ይዞታ መልሱ። ካርዶቹን አብራችሁ የምትሸጡ ከሆነ የደንበኞቻችሁን ምስል ኮምፒውተር ላይ ሙሉ በሙሉ አጥፉ፤ ካሜራው ላይ ፎርማት ማድረግ ብቻ ፋይሉን ከመመለስ አያድንም። የሰዓት ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። በምርመራው ያገኛችሁትን እንከን ሁሉ ለገዢው ንገሩት፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ስላለ አብራችሁ ስጡት።